ከእስራኤል በሻንጣ የመጣው ክኒን፣ የተከለከለው እንቁላል እና ሌሎች የነፍሰ ጡሮች ጥያቄዎች

ሰላም ውድ አንባቢዎቼ፣ የዚህ ወር ጥያቄዎቻችሁ ከሞላ ጎደል አንድ አካባቢ ነው የሚሽከረከሩት፣ ነፍሰ ጡር ሴት ምን ትብላ ምን ትዋጥ የሚለው ላይ። ሁሉም ሰው ይናገራል፣ አማት ትናገራለች፣ ጎረቤት ይናገራል፣ ቲክቶክ ይናገራል፣ ውጪ ያለ ዘመድ ደግሞ ሻንጣ ሙሉ ይልካል፣ እሷ መሀል ላይ ቆማ ማንን እንደምትሰማ ግራ ይገባታል። እኔ በአዋላጅነት ስሰራ በኖርኩባቸው አመታት ለማንኛውም ምክር የማነሳት ጥያቄ አንድ ናት፣ ይሄን ማን ሞከረው፣ ማንስ ላይ ሞከረው? ዛሬም በሷ ነው የምሄደው። አመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ሰሞኑን ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሎኛል። እስራኤል አሽዶድ የምትኖረው እህቴ ኦፕታልጊን የሚባል ክኒን በሰው ላከችልኝ፣ እዛ ማንም ሰው ያለ ሀኪም ወረቀት ከፋርማሲ ይገዛዋል አለችኝ። አሜሪካ ያለው የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ስሙን ሲሰማ "እሱ እኮ እዚህ የታገደ ነው፣ እንዳትነኪው" አለኝ። ሁለቱም ያደገ አገር ነው፣ እንዴት አንዱ ጋ እየተሸጠ አንዱ ጋ ይታገዳል? ማንን ልመን? (ከገርጂ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ክኒኑ ከማውራታችን በፊት ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ተነሺና ደም ግፊትሽን ተለኪ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ። ከ5ኛው ወር በኋላ የሚመጣና አልለቅ የሚል ራስ ምታት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ሊሆን ይችላል፣ ክፋቱ ደግሞ እንደማንኛውም ራስ ምታት ስለሚመስል ሴቶቻችን እንቅልፍ አጥቼ ነው፣ ቡና አቋርጬ ነው እያሉ ያሳልፉታል። ግፊትሽ 140 በ90 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ሽንትሽም ይመረመራል፣ ፕሮቲን አለው የለውም የሚለው ይታያል። አይንሽ ብዥ ካለ፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ካየሽ፣ ከቀኝ ጎድንሽ ስር ካመመሽ፣ ፊትሽና እጅሽ በድንገት ካበጠ ቀጥታ ሆስፒታል ነው፣ ሌሊትም ቢሆን። ቀጠሮዬ አልደረሰም የሚባል ነገር የለም። ማስታገሻን የምፈራው አንዱ ለዚህ ነው፣ ህመሙን ጸጥ ያሰኘዋል ግፊቱ ግን እዛው ነው ያለው።

ወደ ክኒኑ ስንመጣ እህትሽም አልዋሸችም፣ የባለቤትሽ ወንድምም አልዋሸም። ኦፕታልጊን የንግድ ስሙ ነው፣ ውስጡ ያለው መድሀኒት ሜታሚዞል ይባላል፣ ዳይፓይሮንም ይሉታል፣ ኖቫልጂን በሚል ስምም ታገኚዋለሽ። እስራኤል ያለ ወረቀት ይሸጣል፣ ጀርመን በሀኪም ትእዛዝ ብቻ ነው፣ አሜሪካ በ1977 ከገበያ አውጥታዋለች፣ እንግሊዝ አገር ፈቃድ የለውም፣ ስዊድን ደግሞ አንዴ ከልክላ መልሳ ፈቅዳ በ1999 እንደገና ከለከለችው። ምክንያቱ ምን መሰለሽ፣ በጣም ጥቂት ሰዎች ላይ የሰውነት ወታደር የሆኑትን ነጭ የደም ሴሎች ድንገት ያሟጥጣቸዋል፣ ሰውየው በትኩሳት፣ በጉሮሮ ህመምና በአፍ ቁስል ይጀምርና ቶሎ ካልተደረሰለት ሊሞት ይችላል። አንዱ አገር ይሄ ከስንት አንዴ የሚደርስ ነው፣ ጥቅሙ ያመዝናል ይላል፣ ሌላው ደግሞ ሌላ ማስታገሻ ሞልቶ እያለ እዚህ አደጋ ውስጥ ለምን እንገባለን ይላል። የሚያዩት መረጃ ተቀራራቢ ነው፣ ሚዛኑ ነው የሚለያየው።

ላንቺ ግን ክርክሩ አያስፈልግሽም፣ ምክንያቱም 7 ወር ገብተሻል። የአውሮፓ መድሀኒት ተቆጣጣሪ በ2018 ጉዳዩን አይቶ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ሜታሚዞል መወሰድ የለበትም ብሏል። የልጁን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ ከዛ በተጨማሪ ልጁ ልብ አጠገብ እስኪወለድ ድረስ ክፍት ሆኖ መቆየት ያለበት የደም ስር አለ፣ እሱን ያለጊዜው ሊያጠበው ይችላል። ስለዚህ አትውጪው፣ ለሌላ ነፍሰ ጡርም አትስጪው። እግረ መንገዴን፣ እኛ አገር እንደ ከረሜላ የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ያው ጣጣ ነው ያላቸው፣ የአሜሪካው የምግብና መድሀኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2020 ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ሀኪም ካላዘዘ በቀር ይቅር ብሎ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ወገቤን አመመኝ ብላ መርፌ የምትወጋ ነፍሰ ጡር ካለች እባካችሁ ንገሯት፣ መርፌው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ዳይክሎፌናክ ነው።

እንዴት አንዱ ጋ ይሸጣል ሌላው ጋ ይታገዳል ላልሽው ታሊዶሚድን ላንሳልሽ፣ ይሄን ታሪክ ሁሉም እናት ብታውቀው ደስ ይለኛል። ምእራብ ጀርመን ውስጥ ኦክቶበር 1957 ላይ ኮንተርጋን በሚል ስም የእንቅልፍ መድሀኒት ወጣ፣ ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ ያለ ወረቀት ይሸጥ ነበር፣ ነፍሰ ጡሮችም ለማቅለሽለሽ ይወስዱት ጀመር፣ በሌላ በሌላ ስምም ከ40 በላይ አገር ገባ። አሜሪካ ለመግባት ማመልከቻው ሴፕቴምበር 1960 ላይ ኤፍዲኤ ደረሰና ስራ ከጀመረች ገና አንድ ወር ለሆናት ፍራንሲስ ኬልሲ ለምትባል ሴት ተሰጣት። ቀላል ነው፣ አውሮፓ እየሸጠው ነው፣ ፈርሚ ነው የተባለችው። እሷ ግን የቀረበው መረጃ አላጠገባትም፣ በኋላም የወሰዱት ሰዎች እጅና እግራቸውን ይደነዝዛቸዋል የሚል ነገር ስታነብ ታዲያ ማህፀን ውስጥ ያለውን ልጅ ምን ያደርገዋል ብላ ማስረጃ ጠየቀች። ኩባንያው ደጋግሞ ቢወተውታት፣ አለቆቿ ጋ ቢሄድ እሷ ወይ ፍንክች። ኖቬምበር 1961 ላይ ሀምቡርግ ያለው የህፃናት ሀኪም ዊዱኪንድ ሌንዝ እጅና እግራቸው ሳያድግ የሚወለዱትን ልጆች ከዚህ መድሀኒት ጋር አገናኘና መድሀኒቱ ጀርመን ውስጥ ከገበያ ወጣ። እስከዛ ድረስ በአለም ላይ ከ10,000 በላይ ህፃናት ተጎድተዋል፣ ብዙዎቹ በህፃንነታቸው ሞቱ። አሜሪካ ውስጥ ለሙከራ ተብሎ በሀኪሞች እጅ በታደለው ክኒን ምክንያት የተጎዱት 17 ናቸው የሚባለው። አንዲት ሴት ማስረጃው አልበቃኝም ስላለች ስንት እናት ዳነች።

ከዛ በኋላ ነው በ1962 አሜሪካ ህጓን ያጠበቀችው፣ የአለም ጤና ድርጅትም በ1968 አገሮች የመድሀኒት ጉዳትን የሚነጋገሩበት ፕሮግራም የጀመረው፣ ከ1978 ጀምሮ ስራው የሚሰራው ስዊድን ኡፕሳላ ከተማ ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ማለት እዚህ ገርጂ ውስጥ አንድ ሰው ክኒን ውጦ ጉዳት ቢደርስበትና ቢያመለክት ሪፖርቱ ኡፕሳላ ካለው መዝገብ ይገባል፣ ከ30 ሚሊዮን በላይ ሪፖርት አለው፣ ከሌላ አገር ተመሳሳይ ሪፖርት ጋር ሲደመር ያኔ ነው ነገሩ የሚገለጠው። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ ስልክ 8482 ነው፣ ደውሉ፣ ፋርማሲስታችሁንም ሪፖርት ሙሉልኝ በሉት፣ ሰው ግን አይጠቀምበትም እና ይሄ ያንገበግበኛል።

አንድ ሌላ መዘዝም መጣ። ተቆጣጣሪዎቹ ከፍርሀታቸው ብዛት ነፍሰ ጡሮችን ከመድሀኒት ሙከራ ጨርሶ አስወጧቸው፣ አሜሪካ ከ1977 እስከ 1993 ድረስ መውለድ የምትችል ሴት እንኳን በመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች እንዳትገባ ትከለክል ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "በእርግዝና ወቅት ስለመውሰድ በቂ መረጃ የለም" የሚል ስታነቢ መርዝ ነው ማለት አይደለም፣ ደህና ነው ማለትም አይደለም፣ በቃ አልተሞከረም ማለት ነው። እንደዛ ሲሆን ሀኪም ያንቺን ህመምና የመድሀኒቱን ስጋት አመዛዝኖ ይወስናል እንጂ ሻንጣ አይወስንም።

ጥያቄ፦ ሲስተር እኔ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ታይሌኖል ኦቲዝም ያመጣል ከተባለ ወዲህ ትኩሳት ሲይዘኝ እንኳን ዝም ብዬ ነው የምችለው። 4ኛ ወሬ ነው። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ልክ አይደለሽም የኔ እህት፣ ተጎድተሽብኛል። ታይሌኖል ማለት እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ነው፣ ሴፕቴምበር 2025 ላይ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ራሳቸው ወጥተው ስለተናገሩት ሁሉም ሰው ደነገጠ፣ ግን በማግስቱ የአውሮፓ መድሀኒት ተቆጣጣሪ ምክራችንን የሚያስቀይር አዲስ ማስረጃ የለም አለ፣ የአለም ጤና ድርጅትም ግንኙነቱ አልተረጋገጠም አለ። እስካሁን በዚህ ላይ ከተሰሩት ጥናቶች ትልቁ የስዊድኑ ነው፣ በ2024 የወጣው፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆችን ያየ። ጉብዝናው ወንድምና እህትን ማወዳደሩ ነው። ማለት እናትየው አንዱን ስታረግዝ ወስዳለች ሌላውን ስታረግዝ አልወሰደችም፣ እናት አንድ፣ ቤት አንድ፣ ዘር አንድ። እንደዛ ሲታይ ልዩነት አልተገኘም። ድሮ ልዩነት ያሳዩት ጥናቶች መድሀኒቱን የወሰደችውን እናት ካልወሰደችው ጋር ነው ያወዳደሩት፣ የወሰደችው ደግሞ ያመማት ናት፣ ህመሙ ይሁን ክኒኑ በምን ይለያል?

ትኩሳት ራሱ ሳይታከም መቆየቱ ላንቺም ለልጅሽም ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ሲያስፈልግሽ ውሰጂ፣ በሚያስፈልግሽ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ትኩሳቱ ከቀጠለ ደግሞ ሀኪምሽ ጋ ደውዪ። የምለምንሽ አንድ ነገር ስም እንዳያሳስትሽ ነው። ታይሌኖል፣ ከዱባይ የሚመጣው ፓናዶልና አዶል፣ ከእስራኤል የሚመጣው አካሞል ሁሉም ፓራሲታሞል ናቸው፣ አሜሪካኖቹ አሲታሚኖፌን ይሉታል እንጂ እሱው ነው። የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ይጨመራል። አንዷ ታካሚዬ ጠዋት ከአንዱ ማታ ከሌላው እየወሰደች ሁለት የተለያየ መድሀኒት የወሰደች ነበር የመሰላት። በቀን ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፣ የ500ውን ክኒን 8 ፍሬ ማለት ነው፣ ጉበት ይጎዳል።

ጥያቄ፦ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ፣ ሲስተር እንደምን ከርመሻል። ምራቴ የ6 ወር እርጉዝ ናት፣ ማርያም በሽልም ታውጣት። እኔ እንቁላልና ወተት አትብዪ ሙዝም ይቅርብሽ እላታለሁ፣ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጠናባታል፣ ወተቱ ደግሞ ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል። ጤና ጣቢያ ያሉት ልጆች ደግሞ ብዪ ይሏታል። እኛ እንዲህ ሆነን ነው የወለድነው፣ ተሳስተን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እናቴ፣ ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን አሉ? ምራትዎን እንደሚያስቡላት ከጥያቄዎ ያስታውቃል፣ ስለዚህ እኔም ከልቤ ነው የምመልስልዎ።

ልጁ ራስ ላይ ስለሚለጠፈው ነገር ልጀምር፣ እኔም በአይኔ አይቼዋለሁ፣ ያልታየ ነገር አይደለም የሚያወሩት። ህፃን እንደወጣ በፎጣ ስቀበለው ብብቱ ስር፣ የጆሮው ጀርባ፣ ጭኑ መጋጠሚያ ላይ ነጭ፣ እንደ ለጋ ቅቤ ወፈር ያለ ነገር ይኖራል፣ ጣቴ ላይ ሲነካ ይለሰልሳል፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ድሮ አያቴም ይሄው እናቱ የጠጣችው ወተት ትል ነበር፣ ተልባም ነው የሚሉ አሉ። ግን ወተት በአፏ ነክታ የማታውቅ እናት ልጅም ላይ አለ። የልጁ የራሱ ቆዳ የሚሰራው ቅባት ነው፣ 9 ወር ውሀ ውስጥ ሲኖር ቆዳውን የሚጠብቅለት፣ እንዲያውም አሁን ቶሎ አትጠቡት ነው የሚባለው። እናት የበላችው ምግብ ደሟ ውስጥ ገብቶ፣ በእንግዴ ልጁ ተጣርቶ ነው የሚደርሰው፣ ወተት እንደ ወተት ሆኖ ልጁ ጋ አይደርስም።

ልጁ ይገዝፋል የሚለውን በተመለከተ ግን የእርስዎ ስጋት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ እናቴ። ሆስፒታል በሌለበት፣ መኪና በሌለበት፣ ሴት 3 ቀን 4 ቀን አምጣ ከነልጇ የምትሞትበትን ወይ ደግሞ ተርፋ በፊስቱላ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ከሰው ተለይታ የምትኖርበትን ዘመን ያዩ እናቶች ናቸው ልጁ ትንሽ ይሁንልን ያሉት። ሌላ ምን ነበራቸው? ቀዶ ህክምና የለ። የነበራቸው ማእድ ብቻ ነው፣ በማእዱ ሊያድኗት ሞከሩ። እኔ ይሄን አላዋቂነት ነው ብዬ ለመሳደብ አፌ አይፈታም። ግን አሁን ምራትዎ ምጥ ቢጠናባት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አለ፣ ምግብ መከልከሉ ግን ጭንቅላቱን ሳያጠበው አቅሙን ነው የሚያሳጣው፣ እሷም ደም አንሷት ከወለደች በኋላ ትንሽ ስትደማ ነው የምትወድቀው። ልጅ ከመጠን በላይ የሚገዝፈው ብዙ ጊዜ እናትየው ስኳር ሲኖርባት ነው፣ ለሱ ምርመራ አለ።

ማን ሞከረው ካሉኝ፣ ማንም ሰው ነፍሰ ጡርን አስርቦ አይሞክርም፣ ግን ጦርነት ሞክሮታል። በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች ሆላንድን ይዘው ምግብ እንዳይገባ ዘጉ፣ ምግብ በጀልባ የሚመጣበት ቦይም በረዶ ሆነ፣ የአንድ ሰው የቀን ራሽን መጀመሪያ ከ1,000 ካሎሪ በታች ከዛም እስከ 400 ድረስ ወረደ፣ እስከ ሜይ 1945 ነጻ እስኪወጡ። ከዛ በፊትም ከዛ በኋላም ይበሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ እና የማዋለጃው መዝገብ ተቀምጦ ነበር። አምስተርዳም ውስጥ በዛ ዘመን የተወለዱ 2,414 ልጆችን ሀኪሞች ካደጉ በኋላ እየፈለጉ መረመሯቸው። እርግዝናው አጋማሽና መጨረሻ ላይ የተራቡት ትንንሽ ሆነው ተወለዱ። የሚገርመው መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ የተራቡት ናቸው፣ ሲወለዱ ኪሏቸው ደህና ነበር፣ እናትም አዋላጅም ምንም አልሆነም ብለው ተቀብለዋቸዋል፣ 50 አመት ሲሞላቸው ግን ከሌሎቹ ይልቅ የልብ ህመም በዛባቸው። ማህፀን ውስጥ የጎደለው ነገር በሽምግልና ሲጠየቅ ማለት ነው። ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን የማውቃቸው እናቶች ሁሉ ናቸው አይኔ ላይ የመጡት፣ በእኛ አቆጣጠር በ77ቱ ድርቅ አርግዘው የነበሩት።

እና እናቴ፣ እንቁላሉን እርስዎ ራስዎ ይቀቅሉላት። ከእርስዎ እጅ ከበላች እኔ ሺ ጊዜ ከምናገረው ይበልጣል። በደንብ ይብሰል፣ ወተቱም ይፈላ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ልጄን 3 ወር አርግዣለሁ፣ አቢይ ጾምን እስከ 9 ሰአት መጾም እፈልጋለሁ፣ ባለቤቴ ይቆጣኛል። ጥናት አለ ወይ?

መልስ፦ በረመዳን ላይ ብዙ ጥናት አለ፣ በእኛ ጾም ላይ ጥቂት ነው፣ የእኛ ደግሞ የሚለየው ሰአቱ ብቻ ሳይሆን 55 ቀን ሙሉ የእንስሳ ተዋጽኦ መቅረቱ ነው። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ጤፍ ውስጥም ሽሮ ውስጥም የለም፣ ከእንስሳ ነው የሚገኘው፣ ለልጁ ነርቭ ያስፈልጋል። ቤተክርስቲያን ነፍሰ ጡርን አታስገድድም፣ የንስሀ አባትሽን ጠይቂያቸው፣ አብዛኞቹ በጸሎትና በምጽዋት ጹሚው ነው የሚሉት። ሙስሊም እህቶቼም እንደዛው፣ ለራሷ ወይ ለልጇ የምትሰጋ እናት እንድታፈጥር ሃይማኖቱ ፈቅዶላታል። ከእናንተ ጋር የምጨቃጨቀው በእምነታችሁ አይደለም፣ የተፈቀደላችሁን እረፍት ራሳችሁ ላይ አትከልክሉ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነው የምኖረው፣ ከባለቤቴ ጋር ልጅ ለመውለድ እያሰብን ነው፣ ገና አላረገዝኩም። ቫይታሚን መቼ ልጀምር፣ ከየትኛው? ጓደኛዬ የአሳ ጉበት ዘይትም ጠጪ ብላኛለች።

መልስ፦ ሳታረግዢ ስለጠየቅሽ ተባረኪ፣ ይሄን ጥያቄ ሰዎች 3 ወር ካለፈ በኋላ ነው የሚያመጡት። የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሰራበት ቱቦ ከተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው የሚዘጋው፣ አብዛኛዋ ሴት የወር አበባዋ እስኪቀር ስትጠብቅ ወይ ገና ስትጠራጠር ቱቦው ስራውን ጨርሷል። ሳይዘጋ ሲቀር ልጁ ጀርባው ተከፍቶ ይወለዳል፣ ወይም የራስ ቅሉ ሳይሰራ። ፎሊክ አሲድ እንደሚከላከል የተረጋገጠው በ1991 በወጣው፣ እንግሊዞች በመሩትና በ7 አገር በተሰራ ሙከራ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ አይነት ልጅ የወለዱ እናቶች ላይ ነው የተሰራው፣ ፎሊክ አሲድ ባገኙት ዘንድ 6 ልጅ፣ ባላገኙት ዘንድ 21 ልጅ ተጎዳ። ውጤቱ በጣም ግልጽ ስለነበር ሙከራውን ከጊዜው በፊት አቆሙት፣ ላልተሰጣቸው ሴቶች መከልከሉ ግፍ ነው ብለው። አሁን የሚባለው በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ከማርገዝሽ ቢያንስ 1 ወር በፊት ጀምሮ እርግዝናው 3 ወር እስኪሞላው። ከዚህ በፊት የተጎዳ ልጅ ከነበረ ወይም የሚጥል በሽታ መድሀኒት የምትወስጂ ከሆነ መጠኑ ይለያል፣ ሀኪም ያዝልሽ፣ በተለይ መድሀኒትሽ ቫልፕሮየት ከሆነ ሳታረግዢ በፊት ነው መነጋገር ያለባችሁ፣ በራስሽ ግን አታቁሚው።

አሜሪካ ለሚኖሩ ሀበሾች አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ በስንዴ ዱቄት፣ በዳቦ፣ በፓስታ ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ታስገድዳለች፣ እነሱ ሳያውቁት እየበሉት ነው። የጤፍ ዱቄት ግን እዚህ ህግ ውስጥ የለም። አንቺ ጠዋት ጨጨብሳ ከጤፍ፣ ምሳ እንጀራ፣ እራት እንጀራ ከሆንሽ የጎረቤትሽ ዳቦ የሚሰጣትን አታገኚም። እንጀራ አትብዪ አላልኩም፣ ክኒኑ ላንቺ ይበልጥ ያስፈልግሻል ነው የምልሽ።

የአሳ ጉበት ዘይቱን ተዪው። ሬቲኖል የሚባለው የቫይታሚን ኤ አይነት ሲበዛ ልጁን ያበላሻል፣ በ1995 የወጣ 22,000 ከሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች የተሰበሰበ የአሜሪካ ጥናት በቀን ከ10,000 ዩኒት በላይ ከተጨማሪ ቫይታሚን ከወሰዱት እናቶች ልጆች ከ57ቱ በአንዱ ላይ በዛ ምክንያት የመጣ የአካል ጉድለት እንደነበር ገምቷል። ጉበት ራሱም ያው ነው፣ 100 ግራም የበሬ ጉበት ብቻውን ከዛ መጠን ያልፋል፣ ስለዚህ ዱለት ወዳጆች እርግዝናው እስኪያልቅ ታገሱ። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው ሌላ አይነት ነው፣ እሱን የቻልሽውን ያህል ብዪ።

ስትገዢ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ኤፍዲኤ ያየው እንዳይመስልሽ። በ1994 የወጣው ህግ ቫይታሚንና ተጨማሪ ምግብ ሳይፈቀድ እንዲሸጥ ያደርጋል፣ ኤፍዲኤ የሚገባው ችግር ሲመጣ ነው። ዩኤስፒ የሚል ማህተም ያለውን ፈልጊ፣ በሌላ ገለልተኛ አካል ተመርምሮ ነው የሚለጠፈው። ከአገር ቤት ጤና አዳምና ኮሶ ይላክልኝ የምትሉም አላችሁ፣ ኮሶን ነፍሰ ጡር አትነካውም፣ ጤና አዳምም ቡና ውስጥ እንደሚነከረው ቅጠል ሳይሆን ተወቅጦ የሚጠጣው ማህፀን ያስቆጣል፣ ከተፈጥሮ ነው ማለት ተሞክሯል ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ሚስቴን ክትፎ አምሯታል፣ ለብለብ ላድርግላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለብለብ አይበቃም፣ ቀይ ነገር እስኪጠፋ ይብሰል። ጥሬ ስጋ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጥገኛ ተህዋስ ሊኖር ይችላል፣ ለሷ ጉንፋን ሊመስላት ይችላል፣ ለልጁ ግን አይንና አንጎል ድረስ ይሄዳል። ሚጥሚጣውንና ቅቤውን አብዛላት፣ አምሮቱ ግማሹ እዛ ነው ያለው። ቡና ስለሚጠይቁኝ ደግሞ በቀን ከሁለት ስኒ ባያልፍ ጥሩ ነው፣ ምግብ በልታ ወዲያው ሳይሆን ቆየት ብላ።

ጥያቄ፦ ሲስተር ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። 5 ወሬ ነው፣ አፈር ያምረኛል። ዝናብ ሲጥል ሽታው ያሳብደኛል፣ ከግድግዳው ላይ ቆርሼ ተደብቄ እበላለሁ። ባለቤቴ ቢያየኝ እሞታለሁ። ምን ሆኛለሁ? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ የኔ እህት፣ ምንም ነውር አልሰራሽም። ይሄ ነገር ካንቺ በፊት የነበረ ነው፣ በብዙ አገር ያሉ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይታያል፣ አንዷ አፈር፣ አንዷ በረዶ፣ አንዷ ጥሬ ሩዝ፣ አንዷ ከሰል። ክፍሌ ገብተው ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው ከነገሩኝ ሴቶች ብዛት አንጻር አንቺ ብቻሽን እንደሆንሽ አድርገሽ መጨነቅሽ ነው ያሳዘነኝ። ብዙ ጊዜ ከደም ማነስ ጋር አብሮ ይመጣል፣ ሰውነትሽ አይረን ሲጎድለው እንዲህ ያደርጋል፣ አፈሩ ግን አይረኑን አይሰጥሽም፣ ጭራሽ ሌላ ምግብ ውስጥ ያለውን ይዞ ያስቀርብሻል፣ የወስፋት እንቁላልና እርሳስም ሊኖረው ይችላል፣ የቀለም ግድግዳ ከሆነ ደግሞ የባሰ።

ጤና ጣቢያ ሄደሽ ሄሞግሎቢን ልታይ ነው በያቸው፣ ምክንያቱን መናገር ካፈርሽ ይደክመኛል ብትዪም ይበቃል፣ ግን ብትነግሪያቸው ነው የምመርጠው፣ ለወስፋትም ያዩሽ ነበር። ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበትን ክኒን በነጻ ይሰጡሻል፣ በሎሚ ውሀ ወይ በብርቱካን ዋጪው፣ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ጋር አታገናኚው፣ ማታ ስትተኚ ብታደርጊው ማቅለሽለሹ ይቀንሳል። ሰገራሽ ይጠቁራል፣ አትደንግጪ፣ ብዙዎች እሱን አይተው ነው የሚያቋርጡት። አፈሩ ሲያምርሽ አፍሽ ውስጥ የምትይዢው ነገር ይኑርሽ፣ ቆሎ ይሁን፣ አንዳንዶቹን በረዶ ጠቅሟቸዋል። ክኒኑን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ አምሮቱ ብዙ ሴቶች ላይ ቀስ በቀስ ሲቀንስ አይቻለሁ። ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ስትሰሚ ጻፊልኝ፣ ስምሽን አላወጣውም።